አንዱ በማህፀን፣ አንዱ በቱቦ፦ ያለፈባችሁ እህቶች ንገሩኝ

እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የ9 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አልትራሳውንድ ታይቼ «ልጁ ማህፀን ውስጥ ነው፣ ደህና ነው» ተባልኩ። ግን በቀኝ በኩል ሆዴን ይወጋኝ ነበር። ስናገር «የእርግዝና ነው» አሉኝ፣ አመንኩ። አንድ ቀን ጠዋት ፒያሳ ከታክሲ ስወርድ ዓይኔ ጨለመብኝ። ትከሻዬ ሳይቀር አመመኝ። ሌላ ሆስፒታል ሲያዩኝ ሁለተኛ ጽንስ ቀኝ ቱቦዬ ውስጥ (እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያልፍበት) ነበር። ቱቦው ፈንድቶ ሆዴ ውስጥ ደም ፈሷል። ወዲያው ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ቱቦው ወጣ።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ያለ መድኃኒት እርዳታ ሲፀነስ እንዲህ አንዱ በማህፀን አንዱ በቱቦ መሆን የሚያጋጥመው ከ30,000 እርግዝና አንዱን ገደማ ነው። ማህፀን ውስጥ ልጅ ከታየ ሰው ቱቦውን አይጠረጥርም፣ በዚህ ይዘገያል። የቱቦን ጽንስ ያለ ኦፕራሲዮን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒትም እንዲህ ሲሆን የማህፀኑን ልጅ ስለሚጎዳ አይሰጥም።

ከሰመመን ስነቃ ስክሪኑን አዞረችልኝ። ከባቄላ የማይበልጥ ነገር መሃል ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ልቡ ነው። አለቀስኩ።

አሁን ግራ ገብቶኛል። እማዬ ካልጋ አትውረጂ ትላለች፣ ሐኪሟ ቀስ እያልሽ ተንቀሳቀሺ ብላለች። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሌሊት ትንሽ ቁርጠት ሲሰማኝ እንቅልፍ የለም።

ይህ የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ እርግዝናው እስከ መጨረሻ ሄደላችሁ? ሥራ መቼ ገባችሁ? ሆድ ሲገፋ ቁስሉ ያማል? ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ ምን ልጠይቃት? እባካችሁ።