ጣና ዳር ራስ የሌለው ፈረሰኛ ይጋልባል እያሉ ለቱሪስት ማውራት ልክ ነው ወይ? ተከራከሩበት

ሽምብጥ፦ ሰላም ጋይስ፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ይዤ ዘጌ ስሄድ ጀልባው ላይ ሁለት ፈረንጆች ከአንድ አስጎብኚ ጋር ነበሩ። ልጁ ጎበዝ ነው እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው፣ ከዛ ሀይቁ መሀል ስንደርስ በጣቱ ወደ ምሥራቅ በኩል እያሳየ ወይና ደጋ ጦርነት ላይ አንገቱ የተቆረጠ የግራኝ ፈረሰኛ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ውሃው ዳር ይጋልባል፣ ራሱን እየፈለገ ነው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች በአይናቸው አይተውታል አላቸው። ፈረንጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፣ አንዷማ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እኔ እዚሁ ተወልጄ 34 ዓመቴ ነው እንዲህ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስንወርድ ጠጋ ብዬ ይሄን ማን ነገረህ ስለው ሳቀና "ወንድሜ ፈረንጅ ይወደዋል፣ ማንን ጎዳ" አለኝ። ጥያቄው ይሄው ነው፣ ማንን ጎዳ? እኔ ውሸት ነው መቅረት አለበት ባይ ነኝ፣ ሌላ ሀሳብ ያላችሁ ኑ።

አባይ ማዶ፦ ራስ ከሌለው ራሱን በምን አይኑ ነው የሚፈልገው ሃሃሃ፣ እየዳበሰ ነው?

ታንኳ፦ እኔም አስጎብኚ ነኝ፣ ቅዳሜ የነበርኩት እኔ እንዳልሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። ግን ልጁ ይገባኛል። ከወደቡ ዘጌ እስክትደርስ እንደ ጀልባው ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እንግዳው ፀሐይ መቶታል፣ ጉማሬው የታለ ይልሃል፣ የደንገል ታንኳ ሲያልፍ አንድ ሁለት ፎቶ ያነሳና ከዛ ዝም። ያን ዝምታ በምን ትሞላዋለህ? ጥልቀቱ 14 ሜትር ነው ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው ስትለው ያዛጋል፣ በአይኔ ያየሁት ነው። ደሞ ስንት ጊዜ ነው እንግዳ የሚባል ጠፍቶ ጀልባው ታስሮ የከረመው፣ እሱን እናንተ አታውቁትም እኛ ነን የምናውቀው። አንድ ፈረሰኛ ዳር ዳሩን ቢጋልብ ጣና አይደርቅ፣ የሚያደርቀው እምቦጭ ነው፣ እሱን ተከራከሩበት።

የፖሊ ልጅ፦ እኔን ያናደደኝ ሰርቆ ማምጣቱ ነው። ይሄ ፈረሰኛ አሜሪካዊ ነው እኮ! ዋሽንግተን ኢርቪንግ በ1820 በፈረንጅ ያሳተመው ስሊፒ ሆሎው የሚባል ታሪክ አለ፣ ቦታው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ነው፣ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት እንግሊዝ ቀጥራ ካመጣቻቸው የጀርመን ወታደሮች አንዱን የመድፍ ጥይት ራሱን ይወስደዋል፣ ከዛ ሌሊት ሌሊት ራሱን ፍለጋ ይጋልባል። ልጁ መድፉን በሰይፍ፣ ጀርመኑን በግራኝ ወታደር ቀየረና አለቀ። ኢርቪንግም ከባዶ አላመጣውም፣ ጀርመኖች ጋ ራስ የሌለው አዳኝ የሚባል አለ፣ አየርላንድ ደሞ ዱላሃን አለ ራሱን በብብቱ ይዞ የሚዞር፣ ደጅህ ቆሞ ስምህን ከጠራ አለቀልህ፣ ወርቅ ካሳየኸው ግን ይሸሻል ይላሉ። እኔ ግን ነገሩን መጀመሪያ ያወቅኩት በአባቴ ሻንጣ ነው። አባቴ ፖሊ፣ የባህር ዳር ፖሊቴክኒክ ማለቴ ነው፣ ነው የተማረው (ፖሊን በ1955 በኛ ሶቪየቶች ናቸው አግዘው ያቋቋሙት)፣ ኋላም ወደዛው ተልኮ ሲመለስ አንድ የሩሲያኛ መጽሐፍ ይዞ መጣ፣ ሽፋኑ ላይ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ከትከሻው በላይ ምንም የሌለው ሰው። ማይን ሪድ የሚባል ሰውዬ ስለ ቴክሳስ የጻፈው ነው፣ ሶቪየት ውስጥ በጣም ይነበብ ነበር፣ በ1973 በፈረንጅ ፊልም ሰርተውለታል። እዛ ላይ ፈረሰኛው መንፈስ እንኳ አይደለም፣ ተገድሎ ሬሳው ፈረስ ላይ የታሰረ ሰው ነው። ያን ሽፋን ካየሁ በኋላ ስንት ሌሊት አልጋዬ ላይ ምን እንደሆንኩ እዚህ አልጽፈውም።

ታንኳ፦ እራስህ አመጣኸው እንግዲህ። ያ የተረቱ ቦታ የሆነው የኒውዮርክ ከተማ ድሮ ስሙ ኖርዝ ታሪታውን ነበር። በ1996 በፈረንጅ፣ የጀኔራል ሞተርስ መኪና ፋብሪካው በተዘጋበት ዓመት ማለት ነው፣ ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የከተማውን ስም ስሊፒ ሆሎው አስባለው። ለተረት ብሎ! ከዛ አካባቢ የመጣ እንግዳ ነበረኝ ሙሉ ቀን ስለሱ ነው ያወራኝ፣ የሃይስኩላቸው ስፖርት ቡድን ሳይቀር በፈረሰኛው ስም ነው የሚጠራው። ሥራ ሲጠፋ ተረታቸውን አውጥተው ሸጡ። እኛስ ምን ይለየናል?

የፖሊ ልጅ፦ የሚለየንማ እነሱ ኢርቪንግ የጻፈው ብለው ነው የሚሸጡት፣ የሰውየው መቃብርም እዛው ነው። ሽማግሌ አየው አይሉህም። ደሞ ታሪኩን አንብበኸዋል ወይ? ኢካቦድ ክሬን የሚባል መንፈስ ምናምን ሁሉ የሚያምን የገጠር አስተማሪ አለ፣ ካትሪና የምትባል የሀብታም ገበሬ ልጅ ይከጅላል፣ ብሮም ቦንስ የሚባል የሰፈሩ ጎረምሳም አይኑን ጥሎባታል። አስተማሪው ከድግስ በጨለማ ሲመለስ ፈረሰኛው ያባርረውና ራሱን ይወረውርበታል። ጠዋት ሰው ፍለጋ ሲወጣ የተገኘው የአስተማሪው ባርኔጣ ነው፣ አጠገቡ ደሞ የተፈረካከሰ ዱባ። ዱባ ነው የምልህ! ልጅቱን ያገባት ብሮም ነው፣ የዱባው ነገር በተነሳ ቁጥርም በሳቅ ይንፈራፈራል። ታሪኩ ራሱ ሰው በወሬ ስለ ማሞኘት ነው እኮ። (ፊልሞቹ ላይ እሳት የሚበራበት ዱባ ኋላ የተጨመረ ነው፣ መጽሐፉ ላይ ተራ ዱባ ነው።) እና ያቺ ማስታወሻ የያዘችው ፈረንጅ ናት አስተማሪው፣ የኛ ልጅ ዱባ ወርውሮባት ወረደ።

አባይ ማዶ፦ ዱባ ወጥ ቢያበላት ይሻል ነበር፣ ጾም ነው ደሞ

ኡም ያሲን፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ ልጆች። ለምን የግራኝ ፈረሰኛ ሆነ? ኢማም አህመድ በ1543 በፈረንጅ ወይና ደጋ ላይ ሲገደሉ ራሳቸው ተቆርጦ ለሰው ታይቷል፣ ይሄ የሆነ ነገር ነው። እሱን አንስቶ ጣና ዳር የሚያስፈራራ ጭራቅ ማድረግ ጨዋታ ይመስላችኋል፣ ነገ ልጄን ክፍል ውስጥ ያ ሌሊት የሚዞረው ያንቺ ዘመድ ነው ወይ ይሏታል፣ እናንተ አትሰሙትም እኔ ነኝ ማታ የምሰማው። ማንን ጎዳ ላለው ልጅ ኡም ያሲንን በሉልኝ።

ሽምብጥ፦ እትዬ ይሄን እውነት ለመናገር አላሰብኩትም ነበር፣ እኔ ውሸት መሆኑ ላይ ብቻ ነበር የቆምኩት። ይቅርታ።

የጎንደር ልጅ፦ እትዬ ትክክል ናት፣ ግን ለአንድ ወገን ብቻ አይሁን። ከ16 ዓመት በኋላ በ1559 አፄ ገላውዴዎስ ሲገደሉ የሳቸውም ራስ ተቆርጦ ሐረር ተወሰደ። ወዲህ ና፣ በኛ መጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፣ ራሳቸው ኦምዱርማን ደረሰ። ሶስቱም ዕድሜያቸውን ፈረስ ላይ የጨረሱ ናቸው፣ አንዳቸውንም ሌሊት ሲጋልቡ አየሁ ያለ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሞት ሙሾ ይወጣለታል፣ ይለቀስለታል፣ መንደር ለመንደር አይዞርም። ደሞ ፈረሰኛን እንዴት እንደምንጠራው አስቡት፣ በፈረሱ ስም ነው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ራሱ ቢወሰድ ፈረሱ ስሙን ይዞለት ይቀራል። ፈረሰኛ ማየት የፈለገ ቱሪስት ካለ ጥር 23 እንጅባራ ውሰዱት፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሜዳውን ሞልተው ያገኛቸዋል፣ ሁሉም ራስ አላቸው።

ሽምብጥ፦ እናቴን አሁን ጠየቅኳት፣ ራስ የሌለው ፈረሰኛ ታውቂያለሽ ወይ ስላት "ሌሊትማ ምን አለ ልጄ፣ ክፉው ቀትር ነው" አለችኝ። ትዝ አለኝ፣ ልጅ እያለን በስድስት ሰዓት ሀይቁ ዳር መሄድ ክልክል ነበር፣ የቀትር ጋኔን ይመታችኋል እየተባልን። ጨረቃ ስትወጣማ ሰው ሁሉ ደጅ ነው የሚቀመጠው። ልጁ ሰዓቱንም ነው የተሳሳተው።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ እንዲህ ያለ ፈረሰኛ እዚህ ለምን እንዳልበቀለ እኔ የመሰለኝን ልበል። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ መቅደሱን ዞር ዞር በሉ። ጥቁር ፈረስ ላይ ያለው ቅዱስ መርቆሬዎስ ነው። በሮማው ንጉሥ በዳኬዎስ ዘመን አንገቱን ተቆርጧል፣ ከዛ መቶ ዓመት አልፎ ነው መጥቶ ከሃዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን በጦር የሚወጋው። እስቲ አስቡት፣ አንገቱ ተቆርጦ ሞቶ ከዛ በፈረስ የመጣ! በፈረንጆቹ ሂሳብ ራስ የሌለው ፈረሰኛ ማለት እሱ ነበር። ሰዓሊው ግን ራሱን መልሶለት፣ ሁለት አይኑን አፍጥጦ ወደ አንተ እያየ ነው የሳለው። በጎን ተስሎ አንድ አይን ብቻ የቀረለት ከታች የወደቀው ክፉው ነው። ነጩ ፈረስ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስም እንደዛው፣ ሚያዝያ 23 አንገቱ የተቆረጠ ነው፣ ስዕሉ ላይ ግን ምን ጎደለው? ደሞ እግሩን እዩልኝ፣ ባዶ እግሩን ሆኖ እርካቡን በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ ነው የያዘው፣ የጥንት ያገራችን አጋላለብ ነው። ልጅ ሆኜ ማኅሌት ላይ እንቅልፍ ሲጥለኝ ያን ጣት እያየሁ ነበር የምነቃው፣ እስከ ዛሬ ፊቱን ሳይሆን ጣቱን ነው የማስታውሰው።

የፖሊ ልጅ፦ ህንድ ራጃስታን ውስጥም ራሱ ተቆርጦም ሰፈሩን ለማዳን መዋጋቱን የቀጠለ ፈረሰኛ ይሉታል፣ እዛ ይሰገድለታል እንጅ አይፈራም። ቅርብ ነው ከምትለው ጋር።

ዘጌ ቡና፦ እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን እኛ ጋ መሬት አይታረስም፣ ቡናና ጌሾ ነው ያለው፣ ቡናው መሀል ሰው ራሱ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ፈረሰኛ ቢመጣ ራሱ ባይቆረጥም ቅርንጫፍ ይቆርጠዋል። ግን ጋላቢ የለም አትበሉ። አያቴ ዛር ነበረባት፣ ነፍሷን ይማር። ዛር ያለበትን ሰው የዛሩ ፈረስ ነው የሚሉት። ፈረሷ እሷ፣ ጋላቢው ዛሩ፣ ጋላቢው ራስ ቀርቶ ምንም የለው፣ አይታይም። ቡናው ተፈልቶ እጣኑ ሲጨስ አንገቷ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ሻሿ ይወልቃል፣ እየለቀምኩ ጉልበቴ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የወንድ ድምፅ ይወጣታል፣ ሽቶ አምጡ ይላል። በነጋታው ወገቧን ይዛ "ትናንት ምን አልኩ?" ትለኝ ነበር፣ ምንም አላልሽም እላታለሁ። እና ታንኳ፣ ይሄን ደሞ ሰምቶ ነገ ጀልባ ላይ እንዳያወራብኝ።

ታንኳ፦ እና ምን ላውራ በናታችሁ! ኢማሙን አትንካ፣ ነገሥታቱን አትንካ፣ ዛሯን አትንካ፣ ዝም ብዬ ሞተር ላዳምጥ? ደሞ በላዔ ሰብ 78 ሰው በላ ብዬ ስነግራቸው ማንም አልከሰሰኝም። ሁሉም ነገር መጀመሪያ አንድ ሰው አፍ ላይ ነው የነበረው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የኔም ፈረሰኛ አባቶቻችን እንዳሉት ይባል ይሆናል።

ኡም ያሲን፦ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ በላዔ ሰብ ተአምረ ማርያም ላይ ተጽፏል፣ ግድግዳው ላይ ተስሏል፣ ምንጭህ የት ነው ቢሉህ ጣትህን ትቀስራለህ። ፈረሰኛህን ምን ላይ ትቀስራለህ? ወሬ ከጠፋህ የመጥምቁ ዮሐንስን ንገራቸው። ሄሮድስ አንገቱን ሲያስቆርጠው ራሱ ክንፍ አውጥታ በረረች፣ 15 ዓመት እየበረረች አስተማረች ይባላል። ፈረንጅ አገር ራስ የሌለው ሰው ይዞራል፣ እኛ ጋ ሰው የሌለው ራስ ነው የሚዞረው።

አባይ ማዶ፦ ኧረ ይሄስ ከዱባው ይበልጣል

ታንኳ፦ ነገ ጠዋት በሶስት ሰዓት ስድስት ጣልያኖች አሉኝ፣ እሞክረዋለሁ። ክንፍ አወጣች ስላቸው የት ነው የተሳለው ማለታቸው ስለማይቀር ቦታውን ንገረኝ።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ በውስጥ ጻፍልኝ። ሽማግሌዎች አይተዋታል እንዳትል ብቻ።