ክርክር፦ የነቢዩን ታሪክ በፊልም መሥራት ይገባል ወይ?

ጥያቄውን ያነሣችው፣ ከኮምቦልቻ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። የወንድሜን ልጆች ስለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያውቁትን እንዲነግሩኝ ብጠይቃቸው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አላለፉም። ስለ አንድ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ ግን ሲያወሩ አመሹ። እንቅልፍ ነሣኝ። ፊልም ተምሬያለሁ፤ ሙያዬን ለዚህ ካላዋልኩት ለምን ላውለው? እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሶሓቦች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱበትን ታሪክ በአማርኛ መሥራት እፈልጋለሁ። የነቢዩ መልክ አይታይም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ምን ትላላችሁ?

ኡስታዝ፣ ከአዲስ አበባ፦
ወዐለይኩሙ ሰላም። እህቴ፣ ኒያሽን አልጠራጠርም። ችግሩ ግን በነቢዩ መልክ ብቻ አያበቃም። በሐበሻው ንጉሥ ፊት ስለ ስደተኞቹ የተናገረውን ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን ማን ሊሆን ነው? ዛሬ ጥምጥም ያሰርሽለት ተዋናይ ከወር በኋላ በሌላ ፊልም ሰካራም ሆኖ ይመጣል። ሕፃኑ ጃዕፈር የሚለውን ስም በሰማ ቁጥር የዚያ ሰው ፊት ይመጣበታል። በምን ትፍቂለታለሽ? የግብፁ አል-አዝሃር ዑለማ፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ታላላቅ ሶሓቦችን በተዋናይ ማሳየትን ሲቃወሙ የኖሩት በከንቱ አይደለም።

የፊልም አርታኢ፣ ከዋሽንግተን፦
መንገዱ ከዚህ በፊት ተሞክሯል። ሙስጠፋ አቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው «አር-ሪሳላ» ፊልም ነቢዩ አይታዩም፤ ካሜራው በእርሳቸው ቦታ ይቆምና ሰዎች ወደ እርሱ እያዩ ይናገራሉ። ፊልሙ ሁለት ጊዜ፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን ተቀረጸ። ሞሮኮ ላይ ሥራው ሲቋረጥ ሊቢያ ተጠናቀቀ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ከመከራ አላዳነውም። እ.ኤ.አ. ማርች 1977 እኔ በምኖርባት ከተማ ታጣቂዎች ሦስት ሕንፃዎች ይዘው 149 ሰዎችን አገቱ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ፊልሙ ይታገድ የሚል ነበር። አንቶኒ ኩዊን ነቢዩን ይጫወታል የሚል ወሬ ይነዛ ነበር፤ የተጫወተው ግን የነቢዩን አጎት ሐምዛን ነው።

ይህ ስለ ወሬ ነው። በሙያዬ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። ዋናው ባለታሪክ ስለማይታይ ተመልካቹ ልቡን ለሐምዛ ይሰጣል፤ ሐምዛ በኡሑድ ጦርነት ሲወድቅ የፊልሙ ነፍስ አብሮት ይወጣል። እህቴ፣ አንቺም ልብ የሚያርፍበት ሰው ከሌለሽ ልጆቹ አሥር ደቂቃ አይቆዩልሽም።

ዲያቆን፣ ከጎንደር፦
እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግድግዳው ሁሉ በተሣለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላደግኩ ሥዕል አያስፈራኝም። ነገር ግን የእኛ ሠዓሊ ጌታን የሚሥለው ጎረቤቱን ፊቱ አስቀምጦ ሳይሆን ከአባቶች በተቀበለው ሥርዓት ነው። ታናሽ እህቴ የስቅለቱን ፊልም ካየች ወዲህ ለጸሎት ዓይኗን ስትከድን የተዋናዩ ፊት እንደሚመጣባት ነግራኛለች። ኡስታዝ፣ እርስዎ የሚፈሩት ነገር እኛም ቤት ገብቷል።

አንድ አባት፣ ከደሴ፦
ልጆቼ፣ እኔ ነቢዩን የወደድኳቸው በጆሮዬ ነው። በመውሊድ ሌሊት ድቤው ሲመታ፣ መንዙማው ሲዜም፣ አንድም መልክ ሳላይ ዕንባዬ ይወርድ ነበር። መንዙማውንም የሚቃወም አለ፤ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። ልጄ፣ ፊልምሽን ለጆሮ ሥሪው።

ጥያቄውን ያነሣችው፦
አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ነገሩን አሁን አየሁት። ካሜራው ስደተኞቹን ከተቀበለው የሐበሻ ንጉሥ፣ ከነጃሺ፣ ፊት አይነሣም። ጃዕፈር አይታይም፣ ተዋናይም የለውም። የቁርኣኑን የመርየም ምዕራፍ፣ ሱረቱ መርየምን፣ የሚቀራው እውነተኛ ቃሪእ (ቁርኣን አንባቢ) ነው፤ እኛ የምናየው ንጉሡ ሲያዳምጥ፣ ጺሙ እስኪርስ ሲያለቅስ፣ ከዚያም እንጨት ከመሬት አንሥቶ ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) በእርሱና በስደተኞቹ ቃል መካከል ያለው ልዩነት ይህን ታህል እንኳ እንደማይሞላ ሲያሳይ ነው። ልብ የሚያርፍበት ሰው እርሱ ይሁን። ኡስታዝ፣ ይህስ?

ኡስታዝ፦
ነጃሺም ቢሆን እንደ ዋዛ የሚያዝ ሰው አይደለም፤ መሞቱ በተሰማ ጊዜ ነቢዩ መዲና ሆነው የሰገዱለት ሰው ነው። ቢሆንም ይህ ከመጀመሪያው ሐሳብሽ በእጅጉ ይሻላል። በቂርኣቱ ላይ ሙዚቃ እንዳይደረብ። ተዋናዩንም በጥንቃቄ ምረጪ። ፈቅጃለሁ አላልኩም፤ ገንዘብ ሳታወጪ ጽሑፉን አምጪልኝና ከእኔ ከሚበልጡ ዑለማ ፊት አብረን እናቀርበዋለን።

ዲያቆኑ፦
አንድ ነገር ልለምን። በዚያ ችሎት ከንጉሡ ጎን የቆሙ ቀሳውስት አሉ። ስደተኞቹን ለማስመለስ ከመካ በመጡት የቁረይሽ ጎሣ መልእክተኞች ስጦታ የተገዙ ብቻ አድርገሽ እንዳታሳያቸው። እነዚያ አባቶቼ ናቸው።

ጥያቄውን ያነሣችው፦
ወንድሜ፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ለንጉሡ ሹማምንት እጅ መንሻ መስጠታቸው በሲራ፣ በነቢዩ የሕይወት ታሪክ፣ ተጽፏልና አልሰርዘውም። ነገር ግን በዚያው ዘገባ ጳጳሳቱም ከንጉሡ ጋር መጽሐፎቻቸው በዕንባ እስኪርሱ እንዳለቀሱ ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰለማ ተናግራለች። ሁለቱንም እቀርጻለሁ።