በቴኦቲዋካን የባልጩት ስብርባሪ የበዛበት ቦታ ሁሉ መሥሪያ ቦታ ነበርን?

ጥያቄ፦ ሰብለ፣ አራት ኪሎ

የተከበራችሁ አንባቢያን፤ ከንባብ ጓደኞቼ ጋር አራት ኪሎ እየተገናኘን ስለ ጥንታዊት ሜክሲኮ ስንወያይ አንድ ነገር አከራክሮናል። አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ስፔንስ በቴኦቲዋካን ከተማ ከ100 በላይ የባልጩት መሣሪያ መሥሪያ ቦታዎች ነበሩ ያሉት በዋናነት ከመሬት ገጽ በተለቀመ ስብርባሪ ተመርኩዘው ነው። ለመሆኑ የስብርባሪ ክምችት መገኘቱ ብቻውን በዚያ ስፍራ ባለሙያ ተቀምጦ ይሠራ እንደነበር ያረጋግጣልን?

መልስ፦ ደረጀ፣ ስድስት ኪሎ

እኅታችን ሰብለ፤ በእኔ እምነት አያረጋግጥም። አርኪዮሎጂስቱ ጆን ክላርክም እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ግምት እጅግ የተጋነነ መሆኑን ተከራክረዋል። ባልጩት የእሳተ ገሞራ መስታወት ስለሆነ ስብርባሪው እግር ይቆርጣል፤ ስለዚህ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ የሚሠራ ባለሙያ ጠርጎ ራቅ አድርጎ መጣሉ አይቀርም። በማያዎቹ ከተማ በቲካል ብዙ የባልጩት ስብርባሪ ከመኳንንት መቃብር በላይ ተነጥፎ ተገኝቷል፤ ያ ሁሉ ከሌላ ቦታ ተጠርጎ የመጣ እንጂ እዚያው የተሠራ ሥራ ትራፊ አይደለም።

ተመራማሪው ሊያተኩር የሚገባው በወለሉ አፈር ውስጥ ተረግጦ የቀረው፣ መጥረጊያ የማያነሣው፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቅንጣት ላይ ነው። ወለሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈልና ከእያንዳንዱ የተወሰደው አፈር ታጥቦ በጥቅጥቅ ወንፊት ይጣራል፤ ቅንጣቶቹ በአንደኛው ጥግ በዝተው በሌላው ከሳሱ ባለሙያው የት ተቀምጦ ይሠራ እንደነበር ይታወቃል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ የሚሰጠውን ቁጥር ለመቀበል እቸገራለሁ።

መልስ፦ ወይንሸት፣ ፒያሳ

አቶ ደረጀ ያሉት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከመሬት ገጽ የተለቀመው ዋጋ የለውም ወደሚለው እንዳንደርስ እሰጋለሁ፤ የተጣለው ስብርባሪ ዓይነቱ ብዙ ይነግረናልና። ምላጭ ሲሠራ በመጀመሪያ የድንጋዩ ሸካራ ቅርፊት እየተመታ ይነሣል፤ ቀጥሎ ድንጋዩ ባለ ብዙ ሸንተረር ዓምድ ሆኖ ይቀረጻል፤ በመጨረሻም ባለሙያው የዓምዱን ጠርዝ በእንጨት መሣሪያ አጥብቆ እየተጫነ ቀጭንና ረጅም ምላጮችን አንድ በአንድ ይነቅላል። ቅርፊቱ ከበዛ የመጀመሪያው ሥራ የተሠራው እዚያው ሰፈር ነው፤ ቅርፊት ጠፍቶ የተሰበሩ ምላጮችና ያለቁ ዓምዶች ብቻ ከተገኙ ግን ድንጋዩ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። አረንጓዴው ባልጩት ከፓቹካ አጠገብ ካለው ከሲየራ ዴ ላስ ናቫሃስ ተራራ እንደመጣ በዓይን መለየት መቻሉ ለቴኦቲዋካን ጥናት ትልቅ እገዛ ነው፤ የግራጫዎቹን ምንጭ በእርግጠኝነት ለመለየት ግን በኤክስሬይ መመርመር ያስፈልጋል። አርኪዮሎጂስቱ ኬነት ኸርት በሌላዋ የሜክሲኮ ጥንታዊ ከተማ በሾቺካልኮ ባካሄዱት ጥናትም ምላጭ ይሠራ የነበረው በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ መሆኑ ታይቷል።

መልስ፦ ጌታሁን፣ ካዛንቺስ

በአገራችን ደቡብ በባልጩት መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች ስብርባሪውን ሰብስበው ሰውና ከብት በማያልፍበት ቦታ እንደሚጥሉት በጥናት ተመዝግቧል፤ ይህ የአቶ ደረጀን ሐሳብ ያጠናክራል። ንጽጽሩ ግን ከአጣጣሉ አያልፍም፤ መፋቂያ መሳል ከዓምድ ምላጭ ከመንቀል የተለየ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባልጩት የእጅ መጥረቢያ በተሠራበት በሲምቢሮ፣ ጥያቄው ይለወጣል፤ በዚያ የሚመረመረው ስብርባሪውን ወንዝ አንቀሳቅሶት እንደሆነ ነው።