የሐዘን ጌጥና የሟች ፀጉር፦ የጋራ ዕቅዳችንን ለማርቀቅ የተከፈተ ውይይት

ጸሐፊዋ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለአካባቢያችን ቤተ መጻሕፍት የምናቀርበውን የአንድ ምሽት ትምህርታዊ ዝግጅት ረቂቅ ልኬላችኋለሁ። መነሻው ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው። ባለቤታቸው ልዑል አልበርት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1861 በዊንዘር ቤተ መንግሥት ሲሞቱ፣ ንግሥቲቱ የልዑሉን ፀጉርና ፎቶግራፍ የያዘ የሚከፈት የአንገት ጌጥ በወርቅ፣ ኦኒክስ በተባለ የጌጥ ድንጋይና በአልማዝ አሠርተዋል፤ ይህም ጌጥ ከእርሳቸው በኋላ ለቤተሰብ እንዳይተላለፍ፣ ይልቁንም አልበርት በሞቱበት ክፍል እንዲቀመጥ አዝዘዋል። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ከትምህርት ክፍሉ፦ እህታችን ያቀረበችው ረቂቅ መልካም ነው፤ ሆኖም ልማዱ በቪክቶሪያ የተጀመረ እንዳይመስል እሰጋለሁ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1649 አንገታቸው ከተቀላ በኋላ ደጋፊዎቻቸው ፀጉራቸውን በክሪስታል ሥር አስቀምጠው በቀለበት ይይዙ ነበር። የፀጉር ጌጥ ሁሉ የሐዘን እንዳልሆነም ቢጠቀስ ጥሩ ነው፤ ንግሥቲቱ ከአልበርት ያገኙት አምባር ላይ ዘጠኝ ትንንሽ ልቦች ተንጠልጥለዋል፣ በእያንዳንዱም ውስጥ የአንድ ልጃቸው ፀጉር አለ። ለአሠራሩ ግን ሰፊ ጊዜ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። ፀጉሩ በሶዳ ውሃ ተቀቅሎ ቅባቱ ከወጣ በኋላ በርዝመቱ ይለያል፤ ከዚያም ጫፉ ላይ ማክበጃ ታስሮለት፣ መሐሉ ክፍት በሆነ ክብ ጠረጴዛ ላይ ይጎነጎናል። ደንበኞች ጌጥ ሠሪው የሟቹን ፀጉር በሌላ ሰው ፀጉር ይለውጥብናል ብለው ይጠረጥሩ ስለነበር፣ ሙያውን ተምረው በቤታቸው የሠሩ ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። ታዳሚው ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያስታውስ ይመስለኛል።

ከነባር አባል፦ በሦስተኛው አንቀጽ የአፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከንግሥቲቱ ጌጥ ጋር በአንድ ርእስ ሥር መግባቱን አልቀበለውም። የአልበርትን ፀጉር ያስቀመጡት ሚስታቸው ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቁንዳላ ግን እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከአስከሬናቸው የተቆረጠ ነው። አስከሬናቸውን የሳለው ሠዓሊ ዘመዶች በ1959 ለለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ሰጡት፤ እስከ 2019 ድረስም በዚያው ቆየ። ይህን የሐዘን መታሰቢያ ብለን ከጻፍነው ዘረፋውን የምናለዝበው እኛው ራሳችን እንሆናለን። በእኛስ ልማድ ሐዘንተኛ የራሱን ፀጉር ይላጫል እንጂ የሟቹን መቼ ይቆርጣል?

ሰብሳቢው፦ ጋሼ ያነሱት ተቃውሞ ትክክል ስለሆነ ሦስተኛው አንቀጽ ይከፈል። ነገር ግን የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ጉዳይ ከሁለቱም ይለያል። ልጁ ከመቅደላ ተወስዶ ለእንግሊዝ ጦር መኮንኑ ለካፒቴን ስፒዲ በአደራ ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ከተማ ገና በ18 ዓመቱ ሲሞት ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ሐዘናቸውን ገልጸዋል፣ በዊንዘርም በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንዲቀበር አድርገዋል። በስፒዲ ዘመዶች ዘንድ የቆየው ፀጉሩ በ2023 ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። በዚያው ዓመት አጽሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ግን ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን አጽም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም በማለት አልተቀበለውም። ፀጉሩን ያኖሩት ሰዎች ልጁን ይወዱት ይሆናል፤ ወደ እነርሱ ያደረሰው ግን ጦርነት ነው። ማመልከቻችን ሁለቱንም ሳይሸሽግ ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦ በተሰጠው አስተያየት መሠረት የተሻሻለው አንቀጽ የሚከተለው ነው፦ «ዝግጅቱ በሦስት ክፍል ይቀርባል፤ የመጀመሪያው ስለ ፀጉር ጌጥ አሠራርና ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ልማድ፣ ሁለተኛው በመቅደላ ከአፄ ቴዎድሮስ አስከሬን ስለተቆረጠው ቁንዳላና ስለ መመለሱ፣ ሦስተኛው ስለ ልዑል ዓለማየሁ ይሆናል። የሐዘን ጌጥ የሚለው ስያሜ ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ያገለግላል።» የጌጦቹን ፎቶግራፍ ለማሳየት ከንጉሣዊው የቅርስ ስብስብ ፈቃድ መጠየቅ ስለሚያስፈልግ፣ ደብዳቤውን የትምህርት ክፍሉ እንዲያረቅቅ እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ ሁለተኛውን ክፍል እርስዎ ቢያቀርቡልን ሁላችንም ደስ ይለናል።

ከነባር አባል፦ እሺ፣ አቀርባለሁ፤ ከአርባ ደቂቃ በታች ግን አይበቃኝም።