አባዬን ጅቡቲ ልወስደው ነው፣ የሄዳችሁ ምከሩኝ

የለገሃር ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ የድሬ ልጆች። አባዬ 74 ዓመቱ ነው፣ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ጅቡቲ ስንቴ እንደተመላለሰ እሱም አያውቀውም፣ ግን ባቡሩ ከቆመ ወዲህ አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም። ማታ ማታ ቁጭ ሲል ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ እያለ ጣቢያዎቹን ይደረድርልኛል ከዛ «ባሕሩን አንዴ ባየው» ይላል። እና ወሰንኩ፣ ልወስደው ነው። እኔ ራሴ ከአገር ወጥቼ አላውቅም፣ ያለኝ ፈቃድ አራት ቀን ነው። መቼ ነው ሙቀቱ የሚቻለው? ባቡር ይሻላል መኪና? ጉልበቱን ያመዋል፣ ግፊትም አለበት። ምን ላሳየው?

ሐናን መጋላ
ወላሂ ታድለህ፣ አባትህም ታድለዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ፣ ክረምቱን እንዳታስበው፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ደግሞ የድሬ ልጅ ነኝ ሙቀት ለምጃለሁ እንዳትል፣ የኛ ደረቅ ነው ማታ ነፈስ ይላል፣ የዛኛው ግን የባሕር እርጥበት ስላለው ላብህ አይደርቅም። እኔ እናቴን ሰኔ ላይ ይዣት ሄጄ ሁለት ቀን ሙሉ ከሆቴል ክፍል ሳትወጣ ነው የተመለስነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሌላው፣ ጉዳይህን ጠዋት ጨርስ፣ ከቀትር በኋላ ጫቱ ሲገባ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ወደ አስር ሰዓት ነው እንደገና ሰው የሚወጣው። ዓርብም እረፍት ነው።

ነርሷ ከሳቢያን
ከሁሉ በፊት የቢጫ ወባ ካርድ አላቸው ወይ? የድሮ ካርድ ካላቸው ፈልጉት፣ አሁን አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው። ከሌላቸው ግን ዝም ብለህ ወስደህ እንዳታስከትባቸው፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ከባድ ጉዳት የሚያመጣበት አጋጣሚ ከወጣቱ ይበልጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። አንተም ብትሆን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመህ ተከተብ፣ ካርዱ ከዛ በፊት አይሠራም። የግፊት መድኃኒታቸውን ደግሞ ከአራት ቀን በላይ የሚበቃ ያዝ፣ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ሹፌሩ አሸዋ
አቦ በመኪና ሂዱ። የደወሌ መንገድ አስፋልት ነው፣ ሲደክማቸው ታቆማለህ፣ ሻይ ትጠጣላችሁ፣ ጉልበታቸውን ያፍታታሉ። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማ ውጭ ነው፣ እዛም ናጋድ ላይ ነው የሚያወርድህ፣ እሱም ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ሌላ ታክሲ ያስፈልግሃል።

ከዚራ 02
ሹፌሩ ያልከው ልክ ነው ግን ሰውዬው እኮ የባቡር ሰው ናቸው! ዕድሜያቸውን ሐዲድ ላይ ጨርሰው በሚኒባስ ይሂዱ? የኔም አባት ዎርክሾፑ ውስጥ ነበር የሚሠራው፣ በአዲሱ ባቡር ስወስደው በመስኮት አሮጌውን ሐዲድ ሲፈልግ ነው የዋለው፣ የድሮው የአንድ ሜትር ስፋት እንደነበረና የአሁኑ 1.435 ሜትር እንደሆነ እሱ ነው ያስረዳኝ፣ አጠገባችን የተቀመጡት ሁሉ ዞረው ያዳምጡት ነበር። ያንን ቀን በምንም አልለውጠውም። ሰዓቱ ስለሚቀያየር ግን ሰው በነገረህ አትሂድ፣ ራስህ ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ፣ ቲኬቱንም ቀድመህ ቁረጥ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ከዚራ ያለውን አሮጌውን ጣቢያ አሳያቸው፣ ይህች ከተማ በ1895 ባቡሩ እዚህ ስለደረሰ እኮ ነው የተቆረቆረችው።

ሀረሪዋ
እኔ ስለሚታየው ልንገርህ። አሳል ሐይቅን እንዳትዘለው። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ነው፣ በአፍሪካ ከሱ የሚወርድ ቦታ የለም፣ ጨውነቱ የባሕር አሥር እጥፍ ነው፣ ዳር ዳሩ ነጭ ጨው ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ። ከከተማው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ መኪና ተኮናተር፣ ጠዋት በጣም ማልዳችሁ ውጡ። መኪናው ዳር ድረስ ስለሚጠጋ ለጉልበታቸው ችግር የለውም፣ ብቻ ጨው እግር ስለሚቆርጥ በባዶ እግር እንዳይገቡ። ማታ የየመን ዓሣ አብላቸው፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በርበሬ ተቀብቶ ምድጃ ውስጥ የሚጠበሰውን፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር። ደሴቶቹ ላይ ባትወስዳቸው ይሻላል፣ ጀልባ መውጣት መውረዱ ያስቸግራቸዋል። ዶላር ያዝ፣ የነሱ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንዱ 177 ገደማ ነው ከዛ ብዙ ከጎደለብህ ተሸውደሃል ማለት ነው። ቪዛውን በኢንተርኔት ቀድመህ ጨርሰው።

የለገሃር ልጅ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። በባቡር ነው የምንሄደው፣ ታኅሣሥ። ነርሷ፣ ካርዱን ከአሮጌ ሻንጣ ውስጥ አገኘነው፣ ማህተሙ በደንብ ይነበባል፣ ሐኪም ጋ ግን ለግፊቱም ቢሆን እወስደዋለሁ። ለአባዬ እያነበብኩለት ነው፣ አንድ ነገር ጠይቅልኝ አለ፣ ቡና የሚጠጣበት ሚኒልክ አደባባይ አሁንም አለ ወይ?

ሀረሪዋ
አለ፣ ካፌዎቹም አሉ። ስሙ የነፃነታቸው ቀን ሆኗል፣ 27 ጁን 1977፣ ግን ለታክሲው ፕላስ ሚኒሊክ በለው፣ ይወስድሃል። ወይ አንተ ዝም በል፣ እሳቸው በፈረንሳይኛ ይንገሩት።