ተረከዜ መሬት አላስረግጥ አለኝ፤ ለቤት ውስጥ ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?

የመንታ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ቀኝ ተረከዜ ሥር ሚስማር የረገጥኩ ያህል ነው የሚሰማኝ። ግድግዳ ይዤ እያነከስኩ መታጠቢያ ቤት እደርሳለሁ። ከ10 እስከ 15 እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ለቀቅ ያደርገኛል። ልጆቹን ቁጭ ብዬ አብልቼ ስነሳ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። 3 ወር ሊሆነው ነው።

ሐኪም አይቶኛል። ከተረከዝ እስከ ጣቶች መነሻ የሚዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ተቆጥቷል አለኝ፤ ፕላንታር ፋሺያይተስ የሚሉት። የባት ማፍታቻ እንቅስቃሴ አሳየኝና «ቤት ውስጥ በባዶ እግርሽ አትሂጂ፣ ደህና ጫማ አድርጊ» ብሎ ሸኘኝ። ደህና ጫማ የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ወለላችን ሴራሚክ ነው። ቀኑን ሙሉ እቤት ነኝ፣ አረፍ የምልበት ጊዜ የለኝም። በጣም ለስላሳ፣ ባለ ጸጉር ነጠላ ጫማ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥጥ የረገጥኩ ያህል ነበር። አሁን ሕመሙ ተመልሷል፤ ጭራሽ የእግሬ መሀል፣ ጎድጓዳው ቦታ፣ መቆጥቆጥ ጀምሯል። የውጭ ስፖርት ጫማዬን ሳደርግ ይሻለኛል፤ ግን እሱን አድርጌ ምንጣፍ ላይ መሄድ አልሆንልኝ አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰነፍ ድመት፦
ከሱም የበለጠ ለስላሳ ፈልጊ፣ ወፍራም ስፖንጅ ያለው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው የተሻለኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ድመት ይቅርታ ያድርግልኝና፣ በዚህ አልስማማም።

31 ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬያለሁ። ተረከዜ የተጣላኝ ግን ጡረታ ወጥቼ እቤት መዋል ስጀምር ነው። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ አሁን አርፌ የለ? ኋላ ነው የገባኝ። ሥራ እያለሁ እግሬን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ባለ ክር ቆዳ ጫማ ነበር የማደርገው። እቤት ስውል ቀጭን ሸበጥ ሆነ።

ልጄ፣ ልስላሴ ሌላ፣ ድጋፍ ሌላ። ያን ባለ ጸጉር ጫማሽን አንሺና ተረከዝ የሚያርፍበትን ቦታ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። እስከ ታች ከሰመጠ፣ አንቺ ስትቆሚበትማ አትጠይቂኝ። ስፖንጁ ተደፍጥጧል፤ የቆምሽው ሴራሚኩ ላይ ነው። የእግርሽንም መሀል የሚሸከመው ነገር የለም። እየረገበ ሲሄድ ጅማቱ ይወጠራል። መሀሉን የሚቆጠቁጥሽ ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ጫማ ስመርጥ ሻጩ እስኪታዘበኝ ድረስ ነው የማገላብጠው። አፍንጫውንና ተረከዙን ይዤ አጥፈዋለሁ። መታጠፍ ያለበት የእኛ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ብቻ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ደብተር ከታጠፈ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ቀጥሎ እንደታጠበ ልብስ እጠመዝዘዋለሁ። ትንሽ እሺ ቢል ግድ የለም፤ ጥምዝዝ ካለ ግን አልወስደውም። የኋላውንም በሁለት ጣት ጨመቅ አደርገዋለሁ፤ ቶሎ መሟሸሽ የለበትም። ከኋላው ክፍት የሆነ ጫማ እንዳይወልቅ ጣቶቻችን ሳናውቀው ጭምድድ ይላሉ፣ እግር ይደክማል። የተዘጋ ካላገኘሽ ቢያንስ የኋላ ማሰሪያ ይኑረው።

ተረከዙ ከፊቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል ለባትሽም ለጅማቱም ፋታ ነው።

ጫማው ውስጥ መሀሉ ላይ ያለው ጉብታ ነው አታላዩ። «ድጋፍ አለው» የሚል ጽሑፍ አይቼ አንድ ገዛሁ። ጉብታው የኔ ጎድጓዳ ካለበት ቦታ ወደ ፊት አልፎ ሁለት ቀን ሙሉ ጠጠር የረገጥኩ ያህል አሰቃየኝ። ቁጭ ብለሽ አትለኪ፤ ቆመሽ፣ ተራምደሽ ለኪው። ትክክለኛው ጉብታ ጎድጓዳውን ሞልቶ ዝም ነው የሚለው። ደግሞም ከሰዓት በኋላ ለኪ፤ እግር ሲውል ያብጣል።

ሌሊት ፈረቃ፦
ጋሼ ጨርሰውታል። ነርስ ነኝና ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ጫማ ብትገዢ፣ ካልተስማማሽ በሌላ ትቀይሪዋለሽ፤ ሌላ ጫማ መግዛት ላያስፈልግሽ ይችላል። ታቹ ደግሞ ጎማ ሆኖ ወለል የሚይዝ ይሁን፤ ሁለት ሕፃን ተሸክመሽ እርጥብ ሴራሚክ ላይ መንሸራተት አለ።

እግርሽን ከደነዘዘሽ፣ ካቃጠለሽ፣ ካበጠ፣ ወይም ተኝተሽም ካመመሽ ተመልሰሽ ታዪ። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ጫማውንም ሳይቀር ከሐኪሙ ጋር ይምረጥ።

ሰነፍ ድመት፦
አሁን ሄጄ የኔን አጠፍኩት። መሀሉ ንቅንቅ አይልም! ለካ ስፖንጁ ሥር ጠንካራ ሶል አለው። ምክሬን አንስቻለሁ 😄

የመንታ እናት፦
ጋሼ፣ እኔም አጠፍኩት። እንደ ደብተር ነው ያሉት? የኔስ እንደ መሀረብ ነው የታጠፈው። ደርቤም ላጥፈው እችል ነበር።

አንድ ጥያቄ፦ ውጭ ያልወጣ አዲስ ስፖርት ጫማ ገዝቼ ለቤት ብቻ ባደርገውስ?

ጡረተኛው መምህር፦
እኔም የማደርገው እሱን ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታየኝ «ወዴት ልትሮጥ ነው?» ብላኛለች። የውጭው እንደሚያሳርፍሽ በራስሽ እግር አይተሽዋል፤ ያንኑ ዓይነት ግዢ። ብቻ በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አታድርጊው። አንድ ሁለት ሰዓት እያልሽ አስለምጂው።

ዋናው ግን የት እንደምታስቀምጪው ነው። በር ላይ ከሆነ ዋጋ የለውም። ጅማቱ ሌሊቱን ተኮማትሮ ያድርና በመጀመሪያው እርምጃ ነው የሚወጠረው። አልጋሽ ሥር፣ እግርሽ የሚወርድበት ቦታ ላይ ይሁን። ክሩን ፈትተሽ አፉን ከፍተሽ ተዪው። ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ ጣቶችሽን በእጅሽ ወደ ራስሽ ሳብ አድርጊያቸው፣ እስከ 10 ቆጥረሽ ልቀቂ፣ ድገሚው።

የመንታ እናት፦
ሌሊት አንዱ ሲያለቅስ ሌላውን እንዳይቀሰቅስብኝ በባዶ እግሬ እየሮጥኩ ነበር የምሄደው፤ በየሌሊቱ ሦስት አራት ጊዜ። እሱን እንኳ ለሐኪሙ መናገር ረስቼ ነበር። እስክገዛ የውጩን ጫማ ሶሉን አጥቤ አልጋው ሥር አስገብቼዋለሁ። ምንጣፉ ይቻለው።