ከዋክብት ኤለመንት እንደሚሰሩ በምን ተረጋገጠ?

ቲቸር ዘ ሐይቅ፦
ሰላም ጀመዓ እንደምን ናችሁ። ፊዚክስ አስተምራለሁ እና ሰሞኑን 12ኛ ክፍል ላይ ካርቦኑም ኦክስጅኑም ብረቱም ኮከብ ውስጥ ነው የተሰራው ስላቸው አንዷ ተማሪ "ቲቸር ማን ሄዶ አየው?" አለችኝ። ከብርሃኑ ስፔክትረም (ብርሃኑ በቀለም ሲበተን እያንዳንዱ ኤለመንት ከሚያሳየው የራሱ መስመር) ይታወቃል አልኳት፣ እሷ ግን "እሱ እዛ መኖሩን እንጂ እዛ መሰራቱን አያሳይም" አለች፣ ደግሞ ልክ ናት። እና ነገሩ በቴሌስኮፕ ነው የሚረጋገጠው በላብ? በደንብ የሚያውቅ ያስረዳኝ።

የቶሳው፦
አብሽር ቲቸር፣ ልጅቷ ዋናውን ነገር ነው የያዘችው ማሻአላህ። ለሷ የሚሆነው መልስ ቴክኒሺየም ነው። 1952 ላይ ፖል ሜሪል የሚባል አሜሪካዊ አስትሮኖመር ያረጁ ቀይ ኮከቦች ብርሃን ውስጥ የቴክኒሺየምን መስመር አገኘ። ይሄ ኤለመንት ደግሞ የሚረጋ አይሶቶፕ የለውም፣ ማለትም ሁሉም ዓይነቱ በራሱ እየፈረሰ ያልቃል፣ ረጅሙ ግማሽ ዕድሜ ራሱ 4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ኮከቦቹ ግን ከዛ በብዙ እጥፍ የሚያረጁ ናቸው፣ ስለዚህ ሲወለዱ ይዘውት ቢመጡ ኖሮ ድሮ አልቆ ነበር፣ ከታየ እዛው ውስጥ እየተሰራ ነው ማለት ነው፣ ሌላ ማምለጫ የለውም።
ሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ) 1987ኤ የሚባለውም አለ፣ ከፍንዳታው በኋላ ብርሃኑ የደበዘዘው በኮባልት 56 ፍጥነት ነው፣ በ77 ቀን በግማሽ፣ የኮባልቱ ጋማ ሬይም በመሳሪያ ተይዟል፣ እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ከታየ እሱም እዛው የተሰራ ነው ማለት ነው።
ስለ መስመር ስታስረዳ ደግሞ ከአፋር የሚመጣውን ጨው ፈጭተህ ቡታጋዝ እሳት ላይ በተን አድርግላቸው፣ እሳቱ ቢጫ ሲሆን የሶዲየም መስመር እሱ ነው፣ 589 ናኖሜትር፣ ፀሐይም ውስጥ ያው መስመር አለ፣ እዛ ግን ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው።

ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ የሰማዩን በደንብ ብሎታል፣ እኔ የምድሩን ልጨምር ምክንያቱም ያለ ላብ ቴሌስኮፑ ያየውን ማስላት አይቻልም። ችግሩ ኒውክለሶች ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፣ በኮከብ ሙቀት ልክ ስታጋጫቸው ሪአክሽኑ እጅግ ብርቅ ነው፣ ከጠፈር የሚወርደው ጨረር ደግሞ ዲቴክተሩን ይረብሸዋል። ጣሊያኖች ምን አደረጉ፣ ግራን ሳሶ ተራራ ስር 1400 ሜትር አለት ከላያቸው አድርገው ሉና የሚባል አክስለሬተር (ኒውክለስ አስፈንጥሮ የሚያጋጭ ማሽን) ተከሉ፣ አለቱ ሚዮን የሚባለውን የሚረብሽ የጠፈር ጨረር ቅንጣት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይቀንሰዋል። ሁለት ሂሊየም 3 ሲያጋጩ በዝቅተኛው ኢነርጂ በወር ሁለት ያህል ሪአክሽን ብቻ ነበር የሚቆጥሩት፣ እንዲህ ያለ ትዕግስት እኔ በጣም ነው የምወደው።
2004 ላይ ደግሞ ናይትሮጅን 14 ፕሮቶን ሲውጥ ለኩ፣ ኮከቦች ሃይድሮጅን ከሚያነዱበት መንገድ አንዱ በዚህ ነው የሚያልፈው፣ ፍጥነቱ ሲታሰብ ከነበረው በግማሽ ያህል አነሰ። በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ የጥንቶቹ የኮከብ ክምችቶች ዕድሜ ከ700 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ዓመት ጨመረ።
ማን አየው ላለችው ደግሞ ኒውትሪኖ አለልህ፣ ምንም ነገር የማያግደው በጣም ትንሽ ቅንጣት ነው። ከፀሐይ እምብርት ቀጥ ብሎ ወጥቶ በ8 ደቂቃ እዚህ ይደርሳል። እዛው ተራራ ስር የነበረው ቦሬክሲኖ የሚባል ዲቴክተር የካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅኑን ዑደት (በነሱ አማካኝነት ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም የሚቀየርበትን) ኒውትሪኖ መያዙን በ2020 አሳወቀ፣ ለፀሐይ ጉልበት 1 ፐርሰንት ገደማ ብቻ የሚያዋጣውን ማለት ነው።

ቲቸር ዘ ሐይቅ፦
ወላሂ አላህ ይስጣችሁ፣ የቴክኒሺየሙን ለሰኞ ይዣለሁ። ወርቅስ? እሱም እንዲሁ ኮከብ ውስጥ ነው?

የቶሳው፦
ወርቅ ላይ ገና ነው። ከብረት የከበደው ኤለመንት በአብዛኛው የሚሰራው ኒውክለስ ኒውትሮን ሲውጥ ነው፣ ወርቅ ደግሞ በጣም ብዙ ኒውትሮን ባንድ ጊዜ ይፈልጋል። ነሐሴ 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (የሞቱ ትልልቅ ኮከቦች ቅሪት) ሲጋጩ በግራቪቴሽን ሞገድም በብርሃንም ታየ፣ ከዛ ብርሃን ውስጥ በ2019 ከብረት የከበደው ስትሮንቲየም ተለየ። ግን የዓለሙን ወርቅ በሙሉ ግጭቱ ብቻ ይሰራዋል ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ላቡም አልደረሰበትም፣ በመንገዱ ላይ ያሉት ኒውክለሶች ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚጠፉ ናቸው፣ 2022 ሚሺጋን ውስጥ ስራ የጀመረው ኤፍሪብ የሚባለው ትልቅ አክስለሬተር አንዱ ስራው እነሱን እየፈጠሩ መለካት ነው።